ሻምበሉ ጥበቃ ሊያይ ወጣ

ልብ ወለድ አንብባችሁ አስተያየት የምትሰጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ቀስ በሉ። እናንተ የመጣላችሁን ተናግራችሁ ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ፤ በዚያ በኩል ግን ሰርጉ የሚፈርስበት ሰው አለ። ይሄን ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ አንድ መጽሐፍ አንብቤ ነው። አንድ ስላችሁ እየቀለድኩ አይደለም። ከጸሎት መጽሐፌ ሌላ በዕድሜዬ የገለጥኩት እሱን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ሙሉውን አላነበብኩም፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው። ጸሎቱን በዜማ ማለት እንደቻልኩ አባቴ "ይበቃዋል" ብሎ መርፌ አስጨበጠኝ፤ እስከ ዛሬ አላስቀመጥኳትም። ካርቱም ሁለት በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለችኝ። የረዘመ አሳጥራለሁ፣ የጠበበ አሰፋለሁ። በነገራችን ላይ ሰው ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚመጣው ሲወፍር ነው፤ የከሳ ሰው ቀበቶ ገዝቶ ይገላገላል። ይሄ ከነገሩ ጋር አይያያዝም፣ ግን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

መጽሐፉን በመተማ በኩል የመጣ አንድ መንገደኛ ነው ይዞት የገባው። ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም፤ ስለዚህ ርዕሱንም ደራሲውንም የሚያውቅ አልተገኘም። "የሻምበሉ መጽሐፍ" ብለን ተስማማን። ሻምበል ናሆም የሚባል የድንበር ጦር አዛዥ አለበት። ሲስተር ራሔል የምትባል ነርስ አለችበት። ቢንያም የሚባል፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የሚያበጥር የሬዲዮ ሠራተኛም አለ። ከካምፑ ሰዎች አንዱ ለጠላት ምስጢር ያወጣል፤ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ይጠረጠራል፣ ድስት የሚያጥበው ሳይቀር። ጦርነትም ፍቅርም ስለላም በአንድ ላይ ማለት ነው። ለኔ አንዱ ይበቃኝ ነበር።

አንባቢ የሆንኩት በሙሉ ምክንያት ነው። ሙሉ የባለቤቴ የበላይነሽ የክርስትና ልጅ ናት። እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ እናት አባቷ ካለፉ በኋላ ከቤታችን የማትጠፋ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ከአንድ ትልቅ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛ ትናገራለች፤ የምታነበው ግን ዐረብኛ ነው። ፊደል ላስተምራት ሞክሬ ነበር፤ ከ"ሀ" ተነስተን "ሠ" ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ደከመን።

"ዐሚ" አለችኝ አንድ ጁምዓ፣ በዓርብ ዕረፍቷ። እንዲህ ነው የምትጠራኝ፣ አጎቴ እንደማለት። "አንተ አንብብና በስልክ ቅዳልኝ። ልብስ ስተኩስ በጆሮዬ ሰክቼ እሰማዋለሁ። መዳም ዘፈን ይመስላታል።"

ቀዳሁላት። እሷ ለጓደኞቿ ላከች፣ ጓደኞቿ ለጓደኞቻቸው ላኩ፤ ከዚያ አንዷ የስልክ ግሩፕ የሚሉትን ነገር ከፈተችና እኔን መሃሉ ላይ አስቀመጡኝ። ጥቂት ሳይቆይ አል-ጣኢፍ ሽንኩርት የሚከተፈው በኔ ድምፅ ሆነ፤ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ደግሞ ብረት የሚበየደው በኔ ድምፅ።

የማነበው ሥራዬ ላይ ሆኜ ነው። ደንበኛ ሲመጣ መጽሐፉን አስቀምጬ እሰፋለሁ፣ ስልኩን ማጥፋት ግን እረሳለሁ። ታዲያ አንድ የውጊያ ምዕራፍ መሃል ላይ መኪናዬ "ተተተተተተ" ስትል መትረየስ መሰላቸው። ሃምሳ አለቃ ታደሰ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ድሮ ወታደር ነበር፣ አሁን ቅመም ይሸጣል። በማግስቱ መጥቶ፣ "ስማኝ ወንድሜ፣ ያ ድምፅ እውነተኛ ነው" አለኝ። "ተኳሹ ግን ጥይት ያባክናል።"

የአንድ ሐጂ ጀላቢያ ጠርዝ ነበር የምሰፋው። አልነገርኩትም። ከህረባ፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ጠፍቶ የሕንፃው ጀነሬተር የተነሳ ዕለትም ታንክ ገባ ተባለ፤ እሱንም ዝም አልኩ። ሰው ሲያደንቅህ ማቋረጥ ነውር ነው።

ከባሕሪ አድማጮቼ አንዱ ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ በያጅ ነው፤ ቃሉን የሚያከብር፣ ትንሽ ግትር፣ ሲስቅ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ልጅ። የሙሉ እጮኛ ነው። ሽማግሌ ሆኜ የጠየቅሁለት እኔ ነኝ። የጠየቅሁት ደግሞ በላይነሽን ነው፤ ለሙሉ እናትም አባትም እሷ ናትና። እራት እየበላን ጠየቅኋት፣ ወጥ እየጨመረችልኝ እሺ አለች። ቀለበት ታሰረ፣ ሰርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆረጠ፤ እኔም ሽማግልና ቀላል ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ እኔ ሳልዘጋጅ፣ ሻምበሉና ነርሷ ድንኳን ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ዝናብ ይዘንባል፣ ፋኖስ ይንቀጠቀጣል፣ ራሔል ፀጉሯን ትፈታለች። ጣቴ ከኔ ቀድማ ሄዳ "ከንፈር" የሚል ቃል ላይ ቆመች። ከንፈር የጸሎት መጽሐፌም ውስጥ አለ፤ ያኛው ግን የሚከፈተው ለምስጋና ነው።

ሳልኩ። ስልኩ እየቀዳ ነው፤ የሳልኩት ለማሰቢያ ጊዜ እንዲሆነኝ ነው። ልጆቼ የሚሆኑ ሴቶች ጾመው፣ ሰግደው፣ በደረቅ ጉሮሮ የሰው ወለል ሲወለውሉ እኔ ሽማግሌው ይሄን በጆሯቸው ላፍስ? እየሳልኩ ሁለት ገጽ ገለበጥኩና ከራሴ አፍልቄ፣ "ሻምበሉ ጥበቃ ሊያይ ወጣ" አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ዓረፍተ ነገሩ ተለክቶ የተቆረጠ ያህል ገጠመ፤ ስፌቱ አይታይም።

ችግሩ ሻምበሉ በአንድ ሳል የሚመለስ ሰው አልነበረም። በየምዕራፉ ወደዚያችው ድንኳን ይገባል፤ እኔም በየምዕራፉ እስልና አስወጣዋለሁ። በዝናብ አስወጣሁት፣ በጉንፋን አስወጣሁት፣ አንድ ጊዜ ክንዱ ተመትቶ በፋሻ እንደተጠቀለለ አስወጣሁት። ቆየሁና ደግሞ ምግቡ ከነከነኝ፤ በሁዳዴ ጥብስ ይበላሉ። ጥብሱን ሽሮ አደረግሁት። ለድል የታረደውን በግ ባቄላ አደረግሁት። እየቆየ የኔ ካምፕ ከገዳም የሚለየው በጠመንጃው ብቻ ሆነ።

አስተያየት መምጣት ጀመረ። አል-ጣኢፍ ወጥ ቤት የምትሠራው እትዬ ብርቱካን መጀመሪያ ላከችልኝ፤ ከኋላዋ ድስት ይንጫጫል።

"ጋሼ፣ ማዓሌሽ፣ እንዳትቀየሙኝ። ይሄ ሻምበል ጤነኛ ነው? ልጅቷ ፀጉሯን ስትፈታ እሱ ጥበቃ። ልጅቷ 'በረደኝ' ስትል እሱ ጥበቃ። ወላሂ እኔ ብሆን በማግስቱ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በመጀመሪያው ሃፍላ ተሳፍሬ ሄጃለሁ።"

ሃምሳ አለቃ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። "እኔ በውትድርና ዘመኔ በራሱ እግር ወጥቶ ጥበቃ የሚያይ ሻምበል አላጋጠመኝም። እኛን ነበር የሚልኩት። ይሄ ሰው ግን በዝናብ ይወጣል፣ እራቱን ትቶ ይወጣል። እንዲህ ያለ አዛዥ ቢኖረን ኖሮ..." አለና ድምፁ ተቆረጠ። ሲቃ የያዘው መስሎኝ ልቤ ተነካ። ብርቱካን ግን "የስልኩ ረሲድ አልቆ ነው" አለች።

ደሳለኝ ሱቄ ድረስ መጣ። "ጋሼ፣ ወንድ ማለት ይሄ ነው" አለኝ፤ "ራሱን የሚገዛ።" እንዲህ ብሎ ቢሄድ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ደሳለኝ የወደደውን ነገር በሥራ የሚያውል ሰው ነው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሙሉ መጥታ ከመኪናዬ አጠገብ ተቀመጠች።

"ዐሚ፣ ደሳለኝ ምን ሆኗል?"

"ምን አደረገሽ?"

"ምንም። እሱ ነው ችግሩ። ኒል ወንዝ ዳር ተቀምጠን፣ ሻይ ይዘን፣ ፀሐይዋ ስትገባ እጄን ያዘኝ። እኔም ዝም አልኩ። ድንገት ተነሳና 'ረክሻውን ልየው' አለኝ።"

"የማንን ረክሻ?" ባጃጅን እዚህ እንዲህ ነው የምንለው።

"የማንንም። መንገድ ላይ የቆመ ረክሻ ነው። አንድ ጊዜ ዞረው፣ ጎማውን ነካ ነካ አደረገ፣ ተመልሶ መጣና 'ሰላም ነው' አለኝ።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ጨዋነት በዝቶበት የሞተ ሰው አላውቅም ብዬ አለፍኩት። አንድ ረክሻ ጎማው ቢነካ ምን ይሆናል?

አሁን ስለ አነባበቤ ትንሽ ልንገራችሁ። ጣቴ ፊደሉን ታሳያለች፣ አፌ ይለዋል፣ ትርጉሙ ከኋላ በእግሩ እየተጓዘ ይመጣል። ቀስ ያለ መንገደኛ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይመጣም። እናም አንድ ቀን ራሔል ለሻምበሉ የተናገረችውን ፊደል በፊደል፣ በዜማ፣ "እር-ጉዝ ነኝ" ብዬ ጨርሼ ላክሁት። ትርጉሙ የደረሰኝ ሻዬን ሳማስል ነው።

የላኩትን መሰረዝ ይቻላል ይላሉ፤ ያኔ አላወቅሁም። ስልኩን አጥፍቼ ከጨርቅ ክምር ሥር ወሸቅሁት፤ እንዲያ ሲደረግ ወሬው ወደ ኋላ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

ስከፍተው ስልኩ እንደ ታመመ ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የባሕሪ በያጆች በአንድ ድምፅ ቢንያም ነው ብለዋል፤ ፀጉሩን እንደዚያ የሚያበጥር ሰው ለበጎ አይደለም። የአል-ጣኢፍ ሴቶች ተከፍለዋል፤ ግማሾቹ "ራሔል ይሄን አታደርግም" ይላሉ፣ ግማሾቹ "ብታደርግስ፣ ያ ሰውዬ ሌላ ምን ምርጫ ሰጣት?" ይላሉ። እትዬ ብርቱካን በሙያዋ ገባችበት፤ "እርግዝና ላይሆን ይችላል። ጾም ከገባ ወዲህ ከባቄላ ሌላ ስትበላ አልሰማሁም። ነፍቷት ነው።" ሃምሳ አለቃ ጥፋቱን ወታደራዊ አደረገው፤ "የውጪውን በር ሲጠብቅ የውስጡን ክፍት ተወው። በዚህ ጦር ሜዳ ላይ ይፈረድበታል።"

ይባስ ብሎ በሚቀጥለው ገጽ ሻምበሉ ነገሩን ሲሰማ በደስታ አለቀሰ። እሱን ቀድቼ በላክሁ ዕለት ባሕሪ ሥራ ቆመ ይባላል።

በዚያው ሳምንት ጁምዓ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደሳለኝና ሙሉ ሱቄ ተገናኙ። ደሳለኝ ፊቱ ጠቁሯል፤ ሻምበሉ የገዛ ወንድሙ ቢሆን እንዲያ አይጠቁርም።

"ሰውዬው ለሷ ብሎ ጥበቃ ሲዞር እግሩ አለቀ" አለ። "ዋጋው ይሄ ነው?"

ሙሉ ሻይዋን አስቀመጠች። "ልጁ የማን እንደሆነ በምን አወቅህ?"

"የሱ አይደለማ። አብረን አይደል የሰማነው? አንድ ቀን ነካት?"

"እሷን ሳትሰማ ፈረድክባት።"

"ምኑን እሰማለሁ፣ ግልጽ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ከማታውቀው ሰው መሃል ስትውል..." አለና ቆመ። መቆሙ ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ ቃል ያህል ዘገየ።

"ጨርሰው" አለችው።

"አይ፣ ምንም።"

"እኔም ከሰው ቤት ነው የምውለው ደሳለኝ።"

"እኔ ስለ ሾፌሩ ምን አልኩ?" አለ።

ስለ ሾፌር የተናገረ ማንም አልነበረም። የስፌት መኪናዬን መርገጤን ተውኩ። ሙሉ የምትሠራበት ቤት አንድ ሾፌር እንዳለ እኔ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቀለበቷን ከጣቷ እያሽከረከረች አወጣችና መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው።

"ኸላስ። ዐሚ፣ አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተው መልስለት" ብላ ሄደች። ደሳለኝም ቀለበቱን አልቀበልም ብሎ በሌላ በኩል ሄደ። እኔ ቀለበቱን የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ፣ ጣት ሳይሆን ሸሚዝ ከሚጠብቁት ቁልፎች ጋር ሲንኳኳ እየሰማሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

"ጥፋተኛው ማን ነው?" አለችኝ በላይነሽ።

"ደራሲው" አልኳት።

በላይነሽ አላመነችኝም። የጎረቤት ልጅ ስልክ አስከፍታ ንባቤን ከመጀመሪያው ታደምጥ ጀመር። ምስር እየለቀመች ታደምጣለች። በመጨረሻ ሰፌዱን አስቀመጠች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሻምበል ጥበቃ ሊያይ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ለምንድነው የምትስለው?"

"ክር ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ ነው።"

"ክሩ የሚገባብህ ራሔል ፀጉሯን ስትፈታ ብቻ ነው?"

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። የተዘለሉትን ገጾች ለሰዉ ሁሉ እንዳነብ አዘዘችኝ። መጀመሪያ የንስሐ አባቴን ልጠይቅ ብዬ አመለጥኳት፤ ጾም ነውና እንደሚከለክሉልኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። "የተሳሳሙት እነሱ ናቸው ልጄ" አሉ። "የዋሸኸው አንተ ነህ። የዚያች ልጅ ትዳር በውሸትህ ከሚፈርስ ጉንጭህ ቢቀላ ይሻላል። ሂድና እንዳለ አንብብ።" መስቀላቸውን ተሳልሜ ልወጣ ስል "ቆይ" አሉኝ። ዲያቆኑ ስልኩን ሲከፍት አልፎ አልፎ ንባቤ ጆሯቸው ውስጥ ጥልቅ ይላል አሉ። "እንግዲያው ልጁ የሻምበሉ ነው?"

"አዎ አባቴ።"

"ተመስገን። ያን የሬዲዮ ሰውዬ ያለ አግባብ አምቼው ነበር።"

ጁምዓ መጣ። ከደረጃው ሥር እንዲያ ያለ ሕዝብ ለፋሲካ ልብስ እንኳ መጥቶ አያውቅም። ብርቱካን ከመዳሟ አስፈቅዳ መጥታለች። በያጆቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። ሙሉ ከሻይ ሻጯ ሴትዮ ጎን፣ ደሳለኝ ከምሰሶው ጀርባ። በላይነሽ መጽሐፉን ገልጣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና "ያላ፣ አንብብ። ብትስል ውሃ ይኸው" አለች።

ቃሉን በተራ ድምፅ ልለው ብል አፌ እንቢ አለ። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ በለመድኩት በጸሎቱ ዜማ ያዝኩት። "ወደ ራ-ሱ አስ-ጠ-ጋት" ስል ግማሹ ሰው በልማድ ተነስቶ ቆመ። "ከን-ፈ-ሯንም" ስል አንዲት አሮጊት አማተቡ። በኔ ፍጥነት አንድ መሳሳም ሻይ ፈልቶ እስኪቀዳ ይቆያል። ከበያጆቹ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እንደሚስቅ አውቃለሁ፣ ግን መስመሬ እንዳይጠፋኝ ቀና አላልኩም። ድንኳኑን በሙሉ፣ ሁሉንም ድንኳን፣ አንድ በአንድ አንብቤ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ጨረስኩ።

መጀመሪያ የተናገረው ሃምሳ አለቃ ነው። ፊቱ የተከዳ ሰው ፊት ነው።

"እንዲህ ከሆነ" አለ፣ "ያን ሁሉ ጊዜ ጥበቃውን ማን ነበር የሚያየው?"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ደሳለኝ ግን ከምሰሶው ጀርባ ወጣ። ከጫንቃው ላይ ጆንያ የወረደለት መስሏል። "በቃ፣ ነገሩ ተስተካከለ" አላት ሙሉን። "ልጁ የሱ ነው።"

"ምኑ ነው የተስተካከለው?"

"ራሔል አላጠፋችማ።"

"ዐሚ ገጾቹን ባያነባቸው ኖሮስ? እስከ ዛሬ ጥፋተኛ ነበረች?"

"እኔ እኮ ስለ መጽሐፉ ነው የተናገርኩት።"

"ሾፌሩ መጽሐፉ ውስጥ አለ?" አለችው።

ይሄን ብላ ሃፍላ ልትይዝ ሄደች። ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ። እኔ ያንን ሁሉ ላብ ያላበኝ ለዚህ መሆኑን ሳስብ መጽሐፉን ከመርፌው ሥር አግብቼ ልሰፋው ዳዳኝ።

ደሳለኝ የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ጣቶቹ በብየዳ የተጠበሱ ናቸው፤ እነሱን ያያል።

"ጋሼ፣ ያን ሾፌር አይቼው አላውቅም" አለኝ። "እሷ እዚያ ነው የምትውለው፣ እኔ እዚህ ነኝ። በመሃላችን ድልድይ አለ፣ ያ ሁሉ መኪና አለ። አንዳንዴ ብየዳ ላይ ሆኜ ሌላ ሰው ቢቀድመኝስ እላለሁ። እንዲህ ስል ቆየሁና ሳላውቀው አፌ ላይ መጣ።"

"ይሄንኑ ንገራት።"

"ስልኬን አታነሳም።"

እንግዲህ ሌላ መንገድ የለም፣ ሽማግሌ መሄድ አለበት። በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ሙሉ እኛ ቤት በምትውልበት ቀን፣ እኔና ሃምሳ አለቃ ታደሰ ጋቢያችንን ደርበን ተነሳን፤ በዚያ የካርቱም ሙቀት ጋቢ የሚደርብ ወይ ሽማግሌ ነው ወይ የታመመ ነው። ደሳለኝ ከኋላችን መንገዱ ዳር ይቆማል። የምንሄደው በላይነሽ ዘንድ ነው። ስለዚህ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች በላይነሽ ከውስጥ።

"እኛ ነን።"

"እናንተ ማን?"

"ሽማግሌዎች።"

"የቤቱ አባወራ የለም። ሲመጣ ተመለሱ።"

"በላይነሽ፣ እኔ እኮ ነኝ አባወራው።"

"ዛሬ አንተ የወንድ ወገን ነህ" አለች። ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ግን ሽማግሌ በቁልፉ ከፍቶ አይገባም። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማለች። ጎረቤቶቻችን የበሩን መጋረጃ ገለጥ እያደረጉ ያዩናል፤ አንዱ ዐረብ ጎረቤቴ ሚስትህ አስወጣችህ እንዴ ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ሃምሳ አለቃ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ "ጥበቃ እንደዚህ ነው" አለኝ በአክብሮት።

በመጨረሻ ተከፈተ። ልማዱ መልስ ሳያገኙ አለመቀመጥ ነውና በገዛ ሳሎኔ፣ የገዛ ወንበሬን እያየሁ፣ ቆሜ ተናገርኩ። ሙሉ ጥግ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ቃላት አላሳመርኩም፤ ደሳለኝ በርጩማው ላይ የነገረኝን እንዳለ አወጣሁት። ድልድዩንም፣ ብየዳውንም፣ ሌላ ሰው ቢቀድመኝስ የሚለውንም። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

ሙሉ ያጣጠፈችውን ክንዷን ፈታች። "ፈርቶ ከሆነ ለምን አልነገረኝም?" አለች። "ረክሻ ከሚዞር።"

"ፈርቼ ነው" አለ ደሳለኝ በመስኮቱ በኩል። መንገዱ ዳር ይቆማል ብለን የተውነው ልጅ መስኮቱ ሥር ደርሷል። "ሾፌሩንም ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።"

"እሱን ተወው፣ ሽማግሌ ሰውዬ ነው፣ ምኑን ትነግረዋለህ" አለችው። በላይነሽ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ስትስቅ እንዳናያት ነው።

"አንድ ነገር አለኝ" አለች ሙሉ። "ከአሁን በኋላ መጽሐፉን ዐሚ አያነብልኝም። ደሳለኝ ያንብብልኝ። ከመጀመሪያው ይጀምር፣ ምንም አይዝለል። ያልገባው ነገር ሲኖር ደግሞ ይጠይቀኝ፣ አይፍረድ።"

"እጠይቃለሁ" አለ መስኮቱ።

"እንግዲያው ተቀመጡ" አለች በላይነሽ። የገዛ ወንበሬ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ቀለበቱ ከቁልፎቹ መሃል ወጣ፣ ሰርጉም በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ጥብሱ ጥብስ ሆኖ ቀረበ፤ ማንም ወደ ባቄላ የለወጠው የለም። መጽሐፉም ከሙሽሮቹ ጋር ወደ ባሕሪ ተሻገረ።

የግሩፑ ሰው በዚህ ብዙም ደስተኛ አይደለም፤ ሰላዩ ማን እንደሆነ ሳናውቅ ነው የቀረነው። ሃምሳ አለቃ ታደሰ ይሄን ሳያውቅ እንዳይሞት ይሰጋል፤ በየጊዜው ሱቄ እየመጣ ድስት አጣቢውን ይከሳል። ብርቱካንም "ጋሼ፣ እባክዎ ይጠይቁልን" እያለች ትልካለች። ዝናቡ ገባ፣ ጎርፉ መጣ፣ መንገዱ ደረቀ። ባለፈው ጁምዓ ሙሉ የደሳለኝን ሱሪ ልታስሰፋ መጣች፤ ወገቡ ጠቦታል።

"የት ደረሳችሁ?" አልኳት።

"ድንኳኑ ጋ።"

"ከድንኳኑ በኋላስ?"

"ገና ነን ዐሚ" አለችኝ፣ ወደ መንገዱ እያየች። "ደሳለኝ የማይገባው ነገር አለ። ይጠይቀኛል፣ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ እንደገና ከላይ እንጀምራለን።"

ሱሪውን አሰፋሁላት። ያቺን ድንኳን እኔ በደንብ አውቃታለሁ፤ ሁለት ገጽ ናት።